ውክልና የማያውቀው ስልክ፦ የደሴና የኮምቦልቻ አረጋውያን የግል መረጃ በከተማ መተግበሪያዎች ዘመን

በደሴና በኮምቦልቻ ስለ ኮሪደር ልማት በተወራ ቁጥር «ስማርት ሲቲ» የሚለው ስያሜ አብሮ ይነሳል። አዲሱ የእግረኛ መንገድ፣ መብራቱና ካሜራው ዓይን ይስባሉ። የአረጋውያንን ኑሮ በቅርብ የነካው ለውጥ ግን የመጣው ያለ ግንባታ ድምፅ ነው። የመብራት ሂሳብ በስልክ ይከፈላል፤ ጡረታ በባንክ ሂሳብ ይገባል፤ ባንኩ ሂሳብ ለመክፈት ወይም የነባር ደንበኛን መረጃ ለማደስ የፋይዳ (የዲጂታል መታወቂያ) ቁጥር ይጠይቃል፤ ፋይዳ ሲወጣ ደግሞ የስልክ ቁጥር ይጠየቃል። አንዱ ጉዳይ ሌላውን እየጎተተ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በማኅተምና በፊርማ ሲገለገሉ የኖሩ ሰዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በስልክ የሚታወቁ ሆነዋል።

በዚህ መሃል ሁለት አባባሎች በየቡናው ይሰማሉ። አንደኛው «የፋይዳ ቁጥርህን ሰው ካወቀ ገንዘብህ ተወሰደ ማለት ነው» የሚል ፍርሃት ነው። ሁለተኛው «ለሽማግሌ ምን የሚደበቅ ነገር አለው?» የሚል ቸልታ ነው። ተቃራኒ ቢመስሉም አንድ ነገር ይጋራሉ፤ መረጃው በተግባር የሚወጣበትን ቦታ አያዩም። ፍርሃቱ የሚያየው ከሩቅ ያለ ሌባን ነው፤ ቸልታው ደግሞ ማንንም አያይም። የአረጋውያን መረጃ በአብዛኛው የሚያልፈው ግን በአረጋዊውና በስልኩ መካከል ባለው የሦስተኛ ሰው እጅ ነው፤ በሚረዳው እጅ።

ከተማ «ስማርት» ሲሆን ምን ይለወጣል?

ስማርት ሲቲ የሚባለው አገልግሎቱን በዳታ ላይ ተመሥርቶ የሚያቅድና የሚሰጥ ከተማ ነው። ዳታ ማለትም ማን፣ መቼ፣ የት፣ ምን እንዳደረገ የሚገልጽ በኮምፒውተር የተያዘ ምዝግብ ነው። መተግበሪያ የምንለው ደግሞ በስልክ ላይ ተጭኖ ይህን ምዝግብ የሚቀበልና የሚልክ ፕሮግራም ነው። በኢትዮጵያ ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ሲጀምር ለብዙ ሰው የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት አገልግሎት ሆነ። የተለያዩ መሥሪያ ቤቶችን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያገናኘው የመሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎትም በ2017 በአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ክልሎች እየሰፋ ነው።

ለውጡ ለአረጋውያን የሚሰጠው ጥቅም እውነተኛ ነው። ከጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠችው ደሴ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ናት፤ ጉልበቱ ለደከመ ሰው አንድ የመሥሪያ ቤት ጉዳይ የቀን ድካም ነው። «ነገ ይመለሱ» መባልም የሚከብደው ለእርሱ ነው። ወረቀትም ቢሆን አስተማማኝ መሸሸጊያ አልነበረም። በ2014 ጦርነት ሁለቱ ከተሞች በተያዙበት ወቅት የሕዝብ ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ሰነዶችም ጠፍተዋል። የአገልግሎት ዘመኑን የሚያረጋግጥለት ማኅደር የጠፋበት ጡረተኛ፣ መዝገቡ በሌላ ቦታ ቅጂ ቢኖረው ኖሮ ምን ያህል ድካም ይቀርለት እንደነበር አያጣውም። ስለዚህ «አረጋውያንን ከዚህ ነገር እናርቃቸው» የሚለው ሐሳብ ለእነርሱ የሚያስብ ቢመስልም ከአገልግሎቱ የሚያወጣቸው ነው። መታየት ያለበት እየተገለገሉ መረጃቸው እንዴት እንደሚጠበቅ ነው።

መረጃው በየት በኩል ይወጣል?

መተግበሪያ የሚሠሩ ሰዎች ሲነድፉ አንድ ተጠቃሚ በሐሳባቸው ይዘው ነው። ይህ ሰው የራሱ ስልክ፣ በስሙ የወጣ ሲም ካርድና እርሱ ብቻ የሚያውቀው የሚስጥር ቁጥር አለው። በማያ ገጹ ላይ የተጻፈውን አንብቦ ይረዳል፤ «እስማማለሁ» የሚለውን ሲነካም ወዶ ነው። ዕድሜያቸው የገፋ ብዙ ሰዎች ግን ከእነዚህ መካከል አንዱን ወይም ሁለቱን አያሟሉም። ዓይን ይደክማል፣ ጣት ይንቀጠቀጣል፣ ፊደል ያልቆጠሩ አሉ፣ ፊደል የቆጠሩትም የእንግሊዝኛ ማያ ገጽ ይገጥማቸዋል። ያኔ የሚረዳ ሰው ይጠራል። መረጃው ከታሰበለት መንገድ የሚወጣውም እዚህ ላይ ነው።

የፎቶኮፒ ቤቱን እንውሰድ። የፋይዳ ዲጂታል ቅጂ ማሳተም የሚፈልግ ሰው ፋይሉን በቴሌግራም ወደ ማተሚያ ቤቱ ይልካል፤ ወይም ስልኩን አውጥቶ ለሱቁ ልጅ ይሰጠዋል። ስም፣ ፎቶ፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻና የመታወቂያ ቁጥር በአንድ ገጽ ላይ ሆነው ወደ ኮምፒውተሩ ይገባሉ። ወረቀቱ ይታተማል፣ ሂሳብ ይከፈላል፣ ሰውየው ይሄዳል፤ ፋይሉ ግን እዚያው ይቀራል። ማንም ክፉ ሐሳብ አላሰበም፤ ማጥፋትን የራሱ ሥራ አድርጎ የሚያስብ ሰው ግን የለም። በቀበሌና በክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤቶች ደጃፍ ያሉ ትንንሽ ሱቆች በዚህ መንገድ፣ ሳይፈልጉትም ሳያውቁትም፣ የሰፈር መዝገብ ቤት ይሆናሉ። ኮምፒውተሩ ሲሸጥ ወይም ሲሰረቅ ያ ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

ሁለተኛው ያገለገለ ስልክ ነው። ልጅ አዲስ ስልክ ሲገዛ አሮጌውን ለእናቱ ይሰጣል፤ የፍቅር ሥራ ነው። ስልኩ ውስጥ ግን የልጁ የጎግል አካውንት እንደተከፈተ ይቆያል። አካውንት ማለት ተጠቃሚው በኩባንያው ዘንድ የሚታወቅበት ምዝገባ ነው። ስልኩ ይዘቱን ወደ አካውንቱ የሚገለብጥበት ማመሳሰያ ካልተዘጋ እናት ያነሷቸው ፎቶዎችና የሚመዘግቧቸው የስልክ ቁጥሮች በልጁ አካውንት ይቀመጣሉ፤ ያሉበት ቦታም ሊታይበት ይችላል። ከዚህም ሌላ የቆዩ ስልኮች ከአምራቹ የሚመጣ የደኅንነት ማሻሻያ ከጊዜ በኋላ ይቋረጥባቸዋል። በአንድ ስልክ ላይ ሁለት ሰው ተደርቦ ይኖራል፤ ሁለቱም አያውቁትም።

ሲም ካርዱም እንዲሁ ነው። ብዙ አረጋውያን የሚጠቀሙበት ቁጥር በልጅ ወይም በጎረቤት ስም የወጣ ነው። የባንኩና የመታወቂያው አገልግሎት ደግሞ ማንነትን የሚያረጋግጠው በዚያ ቁጥር በሚልከው የአንድ ጊዜ የማረጋገጫ ኮድ ነው። ይህ ኮድ በአጭር መልእክት የሚመጣ፣ ለጥቂት ደቂቃ የሚያገለግል ቁጥር ነው፤ «ይህን የሚያደርገው በእርግጥ ባለቤቱ ነው» የሚለው ማረጋገጫም እርሱ ነው። ሲሙ በስሙ ያልሆነ ሰው ማንነቱን በሌላ ሰው ንብረት ላይ አስሯል ማለት ነው። ሲሙ ለረጅም ጊዜ ሳይሠራ ቀርቶ ቁጥሩ ለሌላ ደንበኛ ቢሰጥ፣ ኮዱ የሚደርሰው ለማያውቁት ሰው ነው።

«ፈቃድ» የሚባለውም አለ። መተግበሪያ ሲጫን ቦታን፣ የስልክ ማውጫን፣ ካሜራን፣ መልእክትን ለማየት ይጠይቃል። አንድሮይድ ስልኮች ከስድስተኛው ስሪት ወዲህ እነዚህን በተናጠል ይጠይቃሉ፤ ተጠቃሚው መርጦ እንዲከለክል ታስቦ ነው። ነገር ግን መተግበሪያውን የሚጭነው የልጅ ልጅ ወይም የሱቅ ሠራተኛ ከሆነ፣ ሥራው ቶሎ እንዲያልቅ ሁሉንም «ፍቀድ» እያለ ያልፋል። የውኃ ሂሳብ ለመክፈል የስልክ ማውጫን ማየት ምን ያደርጋል? ጥያቄውን የሚጠይቅ ሰው በቦታው የለም፤ ፈቃዱን የሰጠው ሰው የመረጃው ባለቤት አይደለምና።

ከእነዚህ ሁሉ በጣም የተለመደው ግን የሚስጥር ቁጥሩ ነው። «የሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አይንገሩ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ትክክል ነው። ማየት ለማይችሉ አባት ግን ሊፈጽሙት የማይችሉት ትእዛዝ ነው። ቁጥሩን ካልነገሩ አገልግሎቱ ይቀርባቸዋል፤ ከነገሩ ጥፋቱ የእርሳቸው ይሆናል። አጭበርባሪም የሚገባው በዚሁ ነው። «ከቴሌ ነው የምንደውለው»፣ «ከባንክ ነው፣ መረጃዎን እያደስን ነው» ብሎ የሚደውል ሰው የሚጠይቀው፣ አረጋዊው በየሳምንቱ ለሚረዳው ሁሉ ሲናገር የኖረውን ያንኑ ቁጥር ነው። ቁጥሩን መናገር ልማድ ሆኗል፤ አጭበርባሪው ልማዱን ይጠቀምበታል።

የፋይዳ ቁጥርና የባንክ ገንዘብ

በሕዝብ ውስጥ ያለው ግራ መጋባት እዚህ ላይ መፈታት አለበት። ፋይዳ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመ ዲጂታል መታወቂያ ነው። ተመዝጋቢው ልዩ የሆነ ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ሲመዘገብም የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን አይሪስ (በዓይን ውስጥ ያለው ባለ ቀለም ክብ) ምስልና የፊት ፎቶ ይወሰዳል። ቁጥሩን ብቻ ያወቀ ሰው ከባንክ ገንዘብ ሊያወጣ አይችልም። ማንነት የሚረጋገጠው ቁጥሩ ከአሻራ፣ ከፊት ወይም ወደ ስልክ ከሚላከው ኮድ ጋር ሲገናኝ ነው።

ቢሆንም ቁጥሩን እንደ ተራ ነገር መበተን አይገባም፤ የአጭበርባሪውን ቃል የሚያሳምን የሚያደርገው እርሱ ነውና። ሙሉ ስምዎን ከነአያት፣ የትውልድ ዘመንዎንና የመታወቂያ ቁጥርዎን እያነበበ የሚደውል ሰው ከመሥሪያ ቤት የደወለ ይመስላል። ከዚያ በኋላ «አሁን የደረሰዎትን ኮድ ይንገሩኝ» ሲል እምቢ ማለት ይከብዳል። በፎቶኮፒ ቤት የቀረው ፋይልና በስልክ የሚፈጸመው ማጭበርበር የሚገናኙት በዚህ መልኩ ነው፤ አንዱ ለሌላው ጥሬ ዕቃ ያቀርባል።

ጣት ሲያረጅ

ባዮሜትሪክ የሚባለው ከአካል የሚወሰድ መለያ ነው፦ አሻራ፣ አይሪስ፣ ፊት። የሚስጥር ቁጥር ማስታወስ ለሚቸገር ሰው መፍትሔ ይመስላል፤ በከፊልም ነው። ችግሩ አካል ራሱ ማርጀቱ ላይ ነው። በእርሻ፣ በግንባታ፣ በልብስ አጠባና በፋብሪካ ሥራ የኖረ እጅ አሻራው ይሳሳል። የዓይን ሞራና ከእርሱ በኋላ የሚደረግ ቀዶ ሕክምናም የአይሪስን ንባብ ሊያደናቅፉ ይችላሉ። ለዓይን ሕክምና ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የሚጎርፈውን የወሎ ሕዝብ የሚያውቅ ይህ የጥቂቶች ችግር እንዳልሆነ ይገባዋል።

ህንድ ይህን በሰፊው አይታዋለች። አዳሃር የተባለው የዚያች አገር መታወቂያም ባለ 12 አኃዝ ቁጥርና አሻራ አለው። ጡረተኞች በሕይወት መኖራቸውን በአሻራ የሚያረጋግጡበት አሠራር እ.ኤ.አ. በ2014 ተጀመረ። አሻራቸው የማይነበብ አረጋውያን ብዙ ሲሆኑ ግን እ.ኤ.አ. በ2021 በፊት ምስል የማረጋገጥ አማራጭ ተጨመረ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ፊት ከአሻራ ይሻላል የሚል አይደለም፤ ለአረጋውያን የሚሠራ ሥርዓት ሁልጊዜ ሁለተኛ በር ያስፈልገዋል። ሁለተኛው በር የሚስጥር ኮድ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሰውየው ተመልሶ በረዳቱ እጅ ላይ ይወድቃል። አሻራ ከተሰረቀ እንደ ሚስጥር ቁጥር ሊቀየር እንደማይችልም መዘንጋት የለበትም።

«ሰፈሩ ሁሉን ያውቅ የለም እንዴ?»

ለግላዊነት መቆርቆር ከእኛ ኑሮ ጋር አይሄድም የሚሉ አሉ። ግላዊነት ስንል ሰው ስለራሱ የሚታወቀውን፣ ለማንና ለምን እንደሚታወቅ የመወሰን መብቱን ማለታችን ነው። ተቃዋሚዎቹ የሚያነሱት ክርክር ቀላል አይደለም። በወሎ ሰው በጎረቤቱ መካከል ነው የሚኖረው፤ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደተቸገረ፣ የማን ልጅ ከዐረብ አገር ገንዘብ እንደላከ ይታወቃል። ቅሬው፣ ማለትም የወሎ ዕድር፣ የአባላቱን ቤተሰብ በስም ያውቃል፤ ሐዘን ሲደርስ ያ ዕውቀት ሰው ያቆማል። ይህን የሚያውቅ ሰው መተግበሪያ ሌላ ምን አዲስ ነገር አመጣ ብሎ ቢጠይቅ አያስገርምም።

የቅሬው ዕውቀትና የኮምፒውተሩ ምዝግብ ግን የተለያየ ጠባይ አላቸው። በቅሬ ውስጥ የሚያውቅህን አንተም ታውቀዋለህ። ሚስጥር ቢያወጣ በሽማግሌ ፊት ይቆማል፤ ስምህን ቢያጠፋ ስሙ ይጠፋል። ወሬውም ሰፈር አይሻገርም፤ ከርሞም ይረሳል። በኮምፒውተር በተያዘ ምዝግብ ግን የሚያውቅህን ሰው አታውቀውም፤ ምዝግቡ አይረሳም፤ በአንድ ንክኪ ሙሉውን መገልበጥ ይቻላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይደመራል። የሕክምና ቀጠሮ ብቻውን፣ የጡረታ መቀበያ ቀን ብቻውን፣ የስልኩ መገኛ ቦታ ብቻውን ብዙ አይናገሩም። ሦስቱ በአንድ ላይ ሲቀመጡ ግን ብቻቸውን የሚኖሩ፣ የታመሙ፣ በወሩ በዚህ ቀን ገንዘብ የሚያገኙ አንዲት እናት በግልጽ ይታያሉ።

ደሴ ይህን ዓይነት ዝርዝር የምታውቅ ከተማ ናት። የከተሞች ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመር ከተመረጡት 11 ከተሞች አንዷ ነበረች፤ ፕሮግራሙ መሥራት ለማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የቀጥታ ድጋፍ ክፍያ አለው። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅንም በሙከራ ደረጃ ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዱ የደሴ ጎረቤት ተሁለደሬ ነው። ሁለቱም ለድሃ የቆሙ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለቱም ማን ድሃ እንደሆነ፣ ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ የሚናገር ዝርዝር ሳይኖራቸው ሊሠሩ አይችሉም። ዝርዝሩ መኖሩ ጥፋት አይደለም። ጥያቄው አንድ የከተማ መተግበሪያ መጥቶ ዝርዝሩን ከሌሎች ጋር ሲያገናኘው ማን ያየዋል፣ ለምን ያህል ጊዜ ይቆያል የሚለው ነው።

ሕጉ የት ደርሷል?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ይደነግጋል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ያለፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን ይከለክላል። ዝርዝሩን ያመጣው ግን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት መረጃ የሚሰበስብ አካል ለምን እንደሚሰበስብ ማስታወቅና ከዚያ ዓላማ አለመውጣት አለበት። የመረጃው ባለቤት ደግሞ ስለራሱ የተያዘውን የማየት፣ የማስታረምና በሕጉ በተቀመጡ ሁኔታዎች የማስጠፋት መብት አለው። የጤናና የባዮሜትሪክ መረጃ ጥብቅ ጥበቃ የሚያስፈልገው ተብሎ ተለይቷል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

አዋጁ መልካም መሠረት ነው። ከመሠረቶቹ አንዱ ግን «ፈቃድ» የሚለው ሐሳብ ነው፤ ፈቃድ ደግሞ ያነበበና የተረዳ ሰውን ይጠይቃል። ለሕፃን ሞግዚት ይፈቅዳል። አእምሮው ሙሉ የሆነ፣ በሕግ ፊት ማንኛውንም ሥራ ለመሥራት ችሎታ ያለው፣ ነገር ግን ማያ ገጹን ማንበብ የማይችል የሰባ አምስት ዓመት ሰው ፈቃዱን እንዴት ይሰጣል? እንደ ሕፃን መቁጠር ክብሩን መንካት ነው፤ ሁሉን እንደተረዳ መቁጠርም ሐሰት ነው።

አገራችን ለዚህ ጥያቄ የቆየ መልስ አላት፤ ውክልና። እናት ለልጃቸው፣ አባት ለወንድማቸው ልጅ ውክልና ይሰጣሉ፤ አሠራሩን ያልተማረም ያውቀዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ውክልናን በጥንቃቄ ነው የቀረጸው። በጠቅላላ ቃል የተሰጠ ውክልና ተወካዩ የአስተዳደር ሥራ ብቻ እንዲሠራ ያስችለዋል፤ ቤት ለመሸጥና ለመሰለው ከባድ ጉዳይ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ወካዩ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን ሊሽር ይችላል፤ ተወካዩም ስለሠራው ሥራ ሂሳብ ያቀርባል።

ይህን ከስልኩ ጋር አስተያዩት። የሚስጥር ቁጥሩን የያዘ ሰው የመብራት ሂሳብ ሊከፍልም፣ ሂሳቡን ባዶ ሊያደርግም እኩል ይችላል። ወሰን የለውም። የሠራው ሁሉ የተሠራው በባለቤቱ ስም ነውና ማን እንደሠራው ምዝግቡ አያሳይም። መሻሪያም የለውም፤ ሚስጥር ቁጥሩን ለመቀየር ራሱ ሌላ ረዳት ያስፈልጋል። በወረቀት ዘመን የነበረን ጥበቃ ወደ ስልክ ስንሻገር እኛው ጥለነው መጥተናል። የአረጋውያን የመረጃ ጥበቃ ጉድለት ከምንም በላይ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

በስልክ የሚሠራ ውክልና

ነገሩ በቴክኒክ ረገድ አዲስ ግኝት አይፈልግም። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2014 ጀምሮ የመንግሥት ደብዳቤዎችን ለዜጎቿ በዲጂታል ፖስታ መላክን ግዴታ ስታደርግ፣ መጠቀም የማይችሉ ሰዎች ከግዴታው ነፃ እንዲሆኑ ፈቀደች። ሌላው ሰው ደግሞ የሚያምነውን ዘመድ በራሱ መለያ ገብቶ ደብዳቤውን እንዲያነብለት መወከል ይችላል። ረዳቱ የሚገባው በራሱ ስም ነው፤ የአረጋዊውን ሚስጥር ቁጥር ማወቅ አያስፈልገውም።

ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ስናመጣው መልኩ ይህን ይመስላል። አንድ እናት ልጃቸውን ይዘው፣ ወይም ልጃቸው ባይኖርም የሚያምኑትን ሰው ይዘው ወደ አገልግሎት መስኮቱ ይቀርባሉ። ሠራተኛው የሚፈቅዱትን በአማርኛ እያነበበ ይጠይቃቸዋል፦ ሂሳብ መክፈል ይችል? ቀጠሮ ማየት ይችል? ገንዘብ ማውጣትስ? ለእያንዳንዱ «አዎ» ወይም «አይ» ይላሉ። ልጁ ከዚያ በኋላ በራሱ ስልክና በራሱ መለያ ይገባል፤ የሠራው ሁሉ በስሙ ይመዘገባል፤ ለእናቱም በድምፅ ወይም በአጭር መልእክት ይነገራል። ሲሹ መስኮቱ ድረስ መጥተው ይሽሩታል።

በዚህ ላይ የሚነሱ ተቃውሞዎች አሉ፤ ሁለቱ ክብደት አላቸው። አንደኛው የወጪ ጉዳይ ነው፤ ገቢው ውስን የሆነ የከተማ አስተዳደር መንገድ እየሠራ ይህን ማን ይከፍላል? መልሱ በሰዓቱ ይወሰናል። መተግበሪያ ሲሠራ ከመጀመሪያው የሚካተት ነገር ርካሽ ነው፤ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ መጨመር ግን ውድ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። አረጋውያንን የሚበድለው አንዳንዴ ራሱ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ውክልናን ማቅለል ለዚያ ሰው በር መክፈት አይሆንም ወይ? ይሆናል፤ ጥንቃቄ ካልታከለበት። የሚወከለው ሰው በሌለበት አረጋዊውን ለብቻ ማነጋገር፣ ለገንዘብ ማውጣት ጣሪያ ማበጀት፣ ውክልናው በየዓመቱ እንዲታደስ ማድረግ ይረዳል። ዛሬ ያ ዘመድ ሚስጥር ቁጥሩን ይዞ ምንም ዱካ ሳይተው እንደሚሠራ ሲታሰብ ግን፣ ስሙ የሚመዘገብበት መንገድ የከፋ ሊሆን አይችልም።

መስኮቱ እንዲኖር ማድረግም የዚህ አካል ነው። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በኢንተርኔት ብቻ የሚገኝ አገልግሎት በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰዎችን ዋይፋይ ወዳለበት ቦታ፣ ከዚያም ስልካቸውን ለማያውቁት ሰው ወደ መስጠት ይገፋል። ያለ ኢንተርኔት በቁጥር የሚሠራው አገልግሎት፣ ለምሳሌ የቴሌብር *127#፣ እና ሰው የሚቀመጥበት መስኮት ለአረጋውያን የመረጃ ጥበቃም ናቸው።

ምንም ሳይደረግ ቢቀርስ?

ሊሆን የሚችለው ብዙ አያከራክርም። ማጭበርበሩ ይቀጥላል፤ ተጎጂው «ሚስጥር ቁጥርዎን ራስዎ ነዎት የሰጡት» ስለሚባል አቤቱታው ይወድቃል። የተጎዳ ሰው ለጎረቤቱ ይናገራል፤ ጎረቤቱ ከመመዝገብ ይቀራል፤ ሳይመዘገብ የቀረው ደግሞ ድጋፉ ወይም የጤና መድኅኑ ሊያመልጠው ይችላል። በቤተሰብ ውስጥም ቂም ይገባል። ገንዘብ ሲጎድል የሚጠረጠረው የረዳው ልጅ ነው፤ ንጹሕ ቢሆንም የሚያረጋግጥበት ምዝግብ የለውም። ወካይና ተወካይ ተለይተው የሚመዘገቡበት አሠራር ልጁንም የሚያድነው ለዚህ ነው።

እስከዚያው በእጅ ያለውን መጠቀም ይቻላል። ሲሙን በአረጋዊው በራሳቸው ስም ማዛወር ከሁሉ ይቀድማል፤ ኮዱ የሚመጣው በዚያ ነውና። ያገለገለ ስልክ የሚሰጥ ልጅ አካውንቱን አውጥቶ፣ በስልኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ወደ ፋብሪካ ይዘቱ መልሶ ይስጥ። የጡረታው ሂሳብና በስልክ የሚከፈልበት ሂሳብ ይለያዩ፤ በስልኩ ላይ ለወሩ ወጪ የሚበቃ ብቻ ከተቀመጠ ጉዳት ቢደርስ እንኳ ጡረታውን አይነካም። የፋይዳ ቅጂ ያሳተመ ሰው ፋይሉ ከኮምፒውተሩም ከቴሌግራሙም ሲጠፋ ዓይኑ እያየ ይሁን። የሱቁ ባለቤትም ይህን ሳይጠየቅ ቢያደርገው ደንበኛ ያተርፍበታል። «ከቴሌ ነው» ለሚል ጥሪ ዘግቶ በ994፣ «ከንግድ ባንክ ነው» ለሚል ዘግቶ በ951 ራስ መልሶ መደወል ነው። ሚስጥር ቁጥርን ወይም የደረሰን ኮድ በስልክ የሚጠይቅ እውነተኛ ሠራተኛ የለም።

እነዚህ ግን የቤተሰብ ጥንቃቄዎች ናቸው፤ ቤተሰብ የሌላቸውን አይደርሱም። ለእነርሱ ወሳኙ ነገር ማዘጋጃ ቤቱ ከመተግበሪያ ሠሪው ጋር የሚፈርመው ውል ነው። የውክልና አሠራሩ፣ የአማርኛ የድምፅ ንባቡ፣ ከአሻራ ሌላ ያለው የማረጋገጫ መንገድ፣ መተግበሪያው ለሥራው የማያስፈልገውን ፈቃድ እንዳይጠይቅ፣ መረጃው የት እንደሚቀመጥና ውሉ ሲያልቅ ማን እንደሚያጠፋው፣ አንድ በአንድ በጽሑፍ መግባት አለባቸው። የጡረተኞች ማኅበራትና የቅሬ ዳኞች ረቂቁን ከፊርማው በፊት ለማየት መጠየቅ ይችላሉ፤ ከተፈረመ በኋላ እያንዳንዱ ማሻሻያ ተጨማሪ ክፍያና ተጨማሪ ድርድር ነው።